የትልቁ ቤት ዘር

ልጄ ይዛው የመጣችው ልጅ በጓሮው በር ገብቶ ቀና አለና ሳቀ።

«ኧረ ማዘር፣ ይሄ'ኮ የኛ ቤት ነው!»

ዓይኑ ያለው ከክፍላችን ፊት ለፊት በቆመው ትልቁ ቤት ላይ ነው። የእንጨት ሰገነቱን፣ የዛገውን ጣሪያ እያየ ይስቃል። ልጄም አብራው ሳቀች።

«የናንተ? የናንተ ማለት?»

«የፋዘር አክስት ቤት ነዋ! በዓል በዓል እንመጣ የለ? እኛ ግን የምንገባው በዋናው መንገድ በኩል ነው። ከኋላ ሰው እንደሚኖር ራሱ አላውቅም፣ ሙች!»

ውኃ ልቀዳለት ያነሳሁትን ጆግ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዳይታዘበኝ ግን ፈገግ አልኩ።

«ከትልቁ ቤት እትዬ ጋር በምን በኩል ነው የምትዛመዱት?» አልኩት።

«የአባቴ አባት ወንድማቸው ነበሩ። የጌታው ወንድ ልጅ።»

ሌላ አልጠየቅሁትም። በላ፣ ተጫወተ፣ እየሳቀ ሄደ። ክፉ ነገር አላየሁበትም። ስድስት ኪሎ አንድ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፤ ልጄ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስትማር የምታነበውን ልታባዛ እየሄደች ነው የተዋወቁት፤ አሁን ሊጋቡ አስበዋል። የጌታ ልጅ ነኝ የማይል፣ ጫማው ያለቀ፣ አፉ ጣፋጭ የአራዳ ልጅ ነው። እኔን ያስፈራኝ እሱ አይደለም፤ ያስፈራኝ ዘሩ ነው።

ይህን የምጽፈው እትዬ ካረፉ በኋላ ነው። ስም አልጠራም፤ የራሴንም አልጽፍም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብገድፍ አንባቢ ይለፈኝ።

የምኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የድሮ ጌታ ግቢ ውስጥ ነው። ጌታው የሞቱት ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ስለሆነ እኔ አላየኋቸውም። የማውቃቸው ከእናቴ አፍ ነው። አያቴ የትልቁ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ እናቴም የተወለደችው በዚህችው የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ እንደምትለው የጌታው መሬት ሦስት ዓይነት ነበር። የሰላሌው ከአባት ከአያት የመጣ ርስት ነው። የአርሲው በሹመት የተሰጣቸው ነው። «የአራዳውስ?» ስላት «የአራዳው በብልጠት ነው» ትልና አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከቁልቁለቱ ጀምሮ እስከ ላይኛው መንገድ ሱቅ የተከራየ ሁሉ ለሳቸው ነበር የሚገብረው።

አዝመራ ሲገባ ከአርሲ ጭሰኞቹ አህያ እየነዱ ይመጣሉ። ማሩን ቅቤውን አራግፈው ጌታው እስኪያዩዋቸው ድረስ ግቢው ውስጥ ኩርምት ብለው ይውላሉ፤ ሳይታይ የሚመለስም ነበር። እናቴ ልጅ ሆና ውኃ ታመላልስላቸዋለች። አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ውኃውን ተቀበለና «አንቺስ የማን ነሽ?» አላት። «የወጥ ቤቷ» አለችው። ፊቷን ትክ ብሎ አየና «እንዲያ ነው?» ብሎ ጠጣ። ይህን ነገር እናቴ ደጋግማ ታወራው ነበር። ለምን እንደምትደጋግመው ግን ጠይቄያት አላውቅም።

መሬት ላራሹ ሲባል አህዮቹ መምጣት አቆሙ። ሰላሌም ሄደ፣ አርሲም ሄደ፣ ሱቆቹም ተወሰዱ። ለቤተሰቡ የቀረው ይህ አንድ ቤት ነው። የእትዬ ወንድም ልጆቻቸውን ይዘው ሌላ ሰፈር ገቡና እዚያው አረጁ፣ እዚያው ሞቱ። ትልቁ ቤት ውስጥ የቀሩት እትዬ ብቻቸውን ናቸው። እትዬ የጌታው ሴት ልጅ ናቸው፤ አላገቡም፣ አልወለዱም። እኛ ደግሞ ከጓሮ ቀረን።

እኛ ዘንድ ልጅ ሳይዳር ዘር ይቆጠራል። በእናትም በአባትም ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ይኬድና ሁለቱ ወገኖች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ትዳሩ ይቀራል። እኔ ስዳር የቆጠረችልኝ እናቴ ናት። በእናቷ በኩል ያለውን እንደ ዳዊት ዘለቀችው። አባቷ ጋ ስትደርስ ግን «በቅሎ ያዥ ነበር» ብላ ቆመች።

«የሱስ አባት?» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«አላውቅም። አርሲ ወርዶ እዚያው ቀረ ብለውኛል።»

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጎጃም ሰው ስለነበር «የት ይገናኛሉ» ብለው አለፉት። እኔን ግን ያኔም ከንክኖኛል። ድሃ መሬት ላይኖረው ይችላል፤ የአባቱ አባት የማይታወቅ ድሃ ግን አላየሁም። የኔ ቢጤ እንኳ ደጀ ሰላም ቁጭ ብሎ አባቶቹን ይቆጥራል። ደግሞ ሌላም አለ። ጌታው ሊሞቱ ሲሉ «የጓሮዋ ክፍል ለልጅቱ ትሁን፣ ማንም እንዳያስነሳት» ብለው ተናዘዋል። ለወጥ ሠሪዋ አላሉም፤ ለልጅቱ አሉ። ለገረድ ልጅ ቤት የሚናዘዝ ጌታ የት አገር አለ?

እናቴ የጌታው ልጅ ከሆነች፣ ልጄና ያ ልጅ ከራሳቸው ተነሥቶ ሲቆጠር በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ። ሰባት የት፣ አራት የት!

በማግስቱ ለልጄ አነሳሁባት።

«እማዬ፣ አታካብጂ!»

«ምኑን ነው የማካብደው?»

«በዚህ ዘመን ሰባት የሚቆጥር ማነው? እንደሱ ከሆነማ ፒያሳ ላይ ሰው አይጋባ። እነዚያ ጌቶች ያልደረሱበት ጓሮ አለ እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ!»

«ቆይ፣ የምታውቂው ነገር አለ ወይስ ጠርጥረሽ ነው?»

ጠርጥሬ ነው። ሌላ ምን አለኝ? የማውቃት ሴት ነበረች፣ በአምስተኛው ቤት ከሚገናኛት ሰው ጋር ተጋብታ የወለደቻቸው ሳይበረክቱላት ቀሩ። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሳይወጣ «ሳይቆጥሩ ነው» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እሷም የሞተ ልጅ ታቅፋ ስታለቅስ ማየት አልችልም። ይህን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን «እሱን ካላገባሁ ማንንም አላገባም» አለችኝ። በአባቷ ወጥታለች፤ ከተናገረች አትመለስም።

በዚያው ሳምንት እትዬ አስጠሩኝ። ይኸው ብቻውን አስጠረጠረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ትልቁ ቤት የገባሁት ምንጣፍ ላራግፍ፣ ለበዓል ወለል ልወለውል ነው። እንደኔ ኬክ ቤት ዕቃ አጥባ የምታድር ሴት ሳሎን ተቀመጪ አይሏትም። ያን ቀን ግን ሻይ ቀርቦ ጠበቀኝ።

«ነይ ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«ልቁም እትዬ፣ ይበቃኛል።»

«ተቀመጪ እንጂ! አማት ልትሆኚ አይደል?»

ሳቁ። ልጁ ነግሯቸው ኖሯል፤ ልጄን አመሰገኗት፤ ጨዋ ናት፣ የተማረች ናት አሉ። ቀጥለው «ምን ይጠበቃል? ቶሎ ይሁን እንጂ» አሉ። ቶሎ! ለምንድነው ቶሎ? ሰፈሩ ሊነሳ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። ወራሽ የሆነ ምትክ ያገኛል፣ ያልሆነ ዕቃውን ይዞ ይወጣል እየተባለ ይወራል። ደላላ የመሰለ ሰው በዋናው በር ሲገባ ሲወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ፤ ልጄን ለወንድማቸው የልጅ ልጅ ሚስት ካደረጓት የጓሮዋ ክፍል ነገር አብሮ ያበቃል። ለመሬት ብለው ደምን ከደም ሊያጋቡ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ክፋት ያስባል? መሬት ኖሮት ያጣ ሰው ያስባል፣ አልኩ ለራሴ።

ሻዩን ሳልቀምስ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ የእናቴን አባት ያውቁታል?»

ሳቃቸው ቆመ። «በቅሎ ያዡን ነዋ። አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

«አባቱ ማን ነበር?»

«የበቅሎ ያዥ አባት እኔ ምን ብዬ አውቃለሁ? የበቅሎዎቹን ብትጠይቂኝ ይሻላል።»

«የበቅሎዎቹን አባት አውቀው የሰውየውን አያውቁም?»

እንዲህ ብዬ መመለሴ እኔንም አስደነገጠኝ። ብርጭቆውን አስቀመጡና ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ።»

«ጠበቃ ይዘሻል! ገና በቁሜ ልትካፈሉኝ ነው? ጓሮ አስቀምጠን ብናበላችሁ ዘር መቁጠር ጀመራችሁ?»

«እኔ'ኮ ለልጆቹ ብዬ...»

«ውጪልኝ!»

ወጣሁ። ከግቢው ወጣ ብሎ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው አሉ፤ እስላም ናቸው፤ ለእናቴ እንደ ወንድም ነበሩ። ፊቴን አይተው ወንበር ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በይ እንግዲህ፣ የበቅሎዋ ነገር ሆነብሽ» አሉ። «አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይስቃሉ፣ እኔ ልሞት ነው።»

«ሳቅሁ እንዴ? እንግዲያስ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ስኳር እየመዘኑ፣ «ግን ሴትዮዋ ምን ሆነው ነው እንዲህ የጮኹት? የገረድ ልጅ አባት ጠየቅሽ ተብሎ እንዲህ ይጮኻል?» አሉኝ።

መልሱን እዚያው ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አገኘሁት፤ ከእናቴ ወሬ ውስጥ ነው ያገኘሁት። በጌታው ጊዜ ትልቁ ቤት ውስጥ ዘር ሲቆጠር የነበረው ለጋብቻ አልነበረም። ከሰላሌ የአጎት ልጅ ነኝ የሚል ይመጣና፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አባቶቹን ወደ ላይ ቆጥሮ ቆጥሮ ከጌታው አያት ጋር ይገጥማል፤ በማግስቱ የርስት ክስ ነው። ሌላ መጥቶ እንዲሁ ያደርጋል። እትዬ በዚህ ያደጉ ናቸው። እሳቸው ፊት ቆሞ ዘር የሚጠይቅ ሰው መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ነው። እኔ ስለ ደም ፈርቼ ጠየቅሁ፤ እሳቸው ለቤቱ ፈርተው ጮኹ። መሬቱን እስካልተውኩላቸው ድረስ እውነቱን አይነግሩኝም።

ወደ ሥላሴ ወጥቼ የንስሐ አባቴን አገኘሁ። ልክድ ነው፣ መስቀልዎን ይዘው ይምጡልኝ አልኳቸው።

«ምንድነው የምትክጂው?»

«ርስት።»

«ርስት አለሽ እንዴ ልጄ?»

«እንዳለኝም አላውቅም፣ አባ። ሳላውቅ ነው የምክደው።»

ቆብ የደፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካወቅሽ በኋላ ትቆጫለሽ» አሉኝ። «ልጄ ከምትቆጭ እኔ ልቆጭ» አልኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን በዋናው በር ገባን፤ አባ፣ ባለ ሱቁ ሰውዬና እኔ። በዋናው በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ሊያስመልሱን ፈልገው ነበር፤ መስቀሉን ሲያዩ ግን ተነሥተው ተሳለሙ። እኔ አልተቀመጥኩም። እጄን መስቀሉ ላይ አድርጌ እንዲህ አልኩ፤

«እናቴ የዚህ ቤት ዘር ብትሆንም ባትሆንም፣ በሷ በኩል ነው ብዬ ከዚህ ግቢ አንድ ድንጋይ አልጠይቅም። የምኖርባትን ክፍልም ቢሆን። በኔ በኩል የሚመጣ ሁሉ አይጠይቅም። ብጠይቅ ሥጋ ወደሙ ይፍረድብኝ። እናንተም ምስክር ናችሁ።»

ባለ ሱቁ «ሰምተናል» አሉ። ድምፃቸው ግን ደስታ የለበትም፤ ቤቱን ሙሉ አዩትና አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ «ወንድሜ፣ አንዴ በረንዳው ላይ ይጠብቁን» አሉ ባለ ሱቁን። አባን አላስወጧቸውም።

«እናትሽ እህቴ ናት» አሉኝ።

አንድ እርምጃ ወደሳቸው ቀረብኩ።

«ያውቁ ነበር! ያውቁ ነበርና ልጆቹ ቶሎ ይጋቡ አሉኝ?»

«ተቀመጪና ስሚ።»

«ደም ለደም እያወቁ! አባ፣ ይሰማሉ?»

«ልጆቹ አይገናኙም ነው የምልሽ!» ጮኹብኝ። «ወንድሜ የአባቴ ልጅ አይደለም።»

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

እትዬ ቀስ ብለው ነገሩን። እናታቸው ጌታውን ከማግባታቸው በፊት መንዝ አግብተው ነበር። ባላቸው ሲሞትባቸው ገና መራመድ የጀመረ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ጌታው ሲያገቧቸው ልጁን ጭምር በአንድ በቅሎ አምጥተው አራዳ አስገቧቸው። እዚህ የሚያውቃቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እትዬ ተወለዱ፤ ወንድ ልጅ ግን አልተወለደላቸውም። የሰላሌ ዘመዶች ወንድ ልጅ የሌለውን ሰው ርስት እንዴት እንደሚቀራመቱ ጌታው ያውቃሉ። የእንጀራ ልጃቸው «አባባ» እያለ ሲያድግ «በስሜ ይጠራ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላሌ ይዘውት ሲወርዱ በፈረስ የሚቀመጥ ጎረምሳ ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

«እናቴ ስትሞት ወንድምሽን በዘር እንዳታስነኪው ብላ አስምላኛለች» አሉ እትዬ። «አንቺ የአባቴን ደም ይዘሽ ብትመጪ የሱ ልጆች ምን ይዘው ይቆማሉ? ባዶ ስም ነው ያላቸው።»

«እናቴስ?» አልኩ። «እሷ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። አባቴ የሞተ ቀን ከኔ እኩል ፊቷን ነጭታ ነው ያለቀሰችው። እናቴም አይታ ዝም አለች።»

እንግዲህ የሰላሌውን፣ የአርሲውን፣ የአራዳውን የወረሰው የመንዝ ሰው ልጅ ነው። የጌታው ደም ጓሮ ቁጭ ብሎ ለጭሰኛ ውኃ ያቀብላል። እናቴ ይህን እያወቀች የትልቁን ቤት ወለል ስትወለውል ኖረች፤ እኔንም አስተማረችኝ። ተናደድኩ። ግን ወዲያው ጥርጣሬዬ ሌላ በር አገኘ። ከካድኩ በኋላ ነው የነገሩኝ። ከካድኩ በኋላ ውሸቱም እውነቱም ምንም አያስወጣቸውም። ሠርጉ እንዳይፈርስ፣ እኔም ዝም እንድል፣ ሁለቱንም በአንድ ተረት ዘግተውት ቢሆንስ?

አባ ዓይኔን አዩት መሰል «ሰው ሊዋሽ ሲነሳ የገዛ ወንድሙን ከአባቱ አይነጥልም፣ ልጄ» አሉ።

«ይምሉልኝ» አልኩ።

እትዬን ይማሉ ማለት ነውር ነው፤ በጌታው ዘመን ቢሆን ያስገርፋል። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉና መስቀሉን ጨበጡ።

«ከዋሸሁ ሳልናዘዝ፣ ሳልቆርብ ልሙት። ፍታትም አይደረግልኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «በሕይወቴ ሳለሁ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ከሞትኩ በኋላ እንደወደድሽ።»

እንደሳቸው ያለች አሮጊት በፍታት አትቀልድም። ከመቶው አንዱ ጥርጣሬ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፤ እሱን አልዋሽም። ለልጄ ግን «ተቆጥሯል፣ አትገናኙም» አልኳት። ስትዘል አንገቴን ልትሰብረው ነበር። «ማን ቆጠረው?» አለች። «የሚያውቁ» አልኳት።

ሽምግልናው የተደረገው እዚያው ትልቁ ሳሎን ነው፤ የኔ ክፍል ሽማግሌ አትችልምና እትዬ ፈቀዱልኝ። የልጁ አባት ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ቢሮ የሚሠሩ፣ ኮት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ገና ሲገቡ «ከቤታችን ወጥተን ቤታችን ልንለምን መጣን!» ብለው ሰውን አሳቁ። በኔ በኩል የተቀመጡት አባና ባለ ሱቁ ናቸው።

«መቼም ዘር ሳይጠየቅ አይኬድም» አሉ ባለ ሱቁ። «የናንተን ንገሩን።»

«የኛን አራዳ ያውቀዋል» አሉ የልጁ አባት። ቢሆንም ቆጠሩት። ከራሳቸው ተነሥተው፣ ወደ አባታቸው፣ ከዚያ ወደ ጌታው፣ ወደ ጌታው አባት፣ ወደ ሰላሌው ትልቅ ሰው ወጡ። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ከጌታው ወደ ላይ ያለው ስም ሁሉ የኔ ነበር። በሕይወቴ አያቶቼ ሲቆጠሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ነው የሰማሁት። አንዱም እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ በልቤ ተከተልኳቸው። አባ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም፤ እጃቸው የነጠላቸውን ጥለት ይዟል።

«የናንተስ?» አሉ የልጁ አባት።

የባሌን ወገን አባ ቆጠሩ። የእናቴ ተራ ሲደርስ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አያቴ ወጥ ሠሪ ነበረች፣ እዚሁ ቤት» አልኩ። «የእናቴ አባት በቅሎ ያዥ ነበር። አርሲ ወርዶ ቀረ።»

«የሱ አባት?»

«አይታወቅም።»

የልጁ አባት ኮታቸውን ሳብ አድርገው ሳቁ። «እንግዲህ ከበቅሎ ያዥ ጋር አንገናኝም! እዚህ ላይ ችግር የለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የእውነቴን ነው የሳቅሁት፣ አይገናኙምና። ያልሳቁት እትዬ ብቻ ናቸው።

ባለ ሱቁ ወደኔ ጎንበስ አሉ። ያን ዕለት በረንዳ ላይ ስለነበሩ እትዬ ያሉኝን አልሰሙም፤ የካድኩትን ግን ያውቃሉ። «እህቴ፣ አሁንም ልብሽ ካልፈቀደ እንበትነዋለን። ልጅቷ አባት የላትም፣ ቃሉ ያንቺ ነው» አሉኝ በጆሮዬ።

ልጄ በመጋረጃው በኩል ታየችኝ። የጥፍሯን ዳር ትበላለች።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።